ማታ ብቻ ለምናየው ግቢ ምን ይተከል? (ሱሉልታ)

የሱሉልታዋ | ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ። ግቢያችን ትንሽ ናት፣ ግን አፈር አላት። እኔም ባለቤቴም ከተማ ነው የምንሠራው። ጠዋት ሳይነጋ እንወጣለን። ማታ የእንጦጦን ዳገት ታግለን ስንገባ ጨልሟል። አበባችንን በብርሃን የምናየው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። ያለን ደግሞ ቀይ ጽጌረዳና ቀይ ጄራኒየም ነው። ማታ በረንዳ ላይ ስንቀመጥ ሁሉም ጥቁር ነው፣ አበባ መኖሩም አይታወቅ።

እና ለምን ለማታ የሚሆን ግቢ አንሠራም አልኩ። ነጭ ነጭ የሚል፣ የሚያውድ፣ ጨረቃ ስትወጣ የሚያምር። ኢንተርኔት ላይ የማገኘው ዝርዝር ግን ሁሉም የሞቃት አገር ነው። የኛን ሰፈር ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አፈሩ መረሬ ነው፣ ያ ጥቁሩ ጭቃ። ውሃ በፈረቃ ነው። ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ልጅ አለን። ክረምቱ ሳይገባ መትከል እፈልጋለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

ሮቶ ባዶ | 3፡18

ሱሉልታ ማታ የሚታየው ጅብ ነው እህቴ። እሱ ደግሞ ሳይተክሉት ነው የሚበቅለው።

የሱሉልታዋ | 3፡20

ሃሃሃ፣ እሱማ አጥራችን ሥር ነው የሚያድረው። ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ በናትህ።

የባዮሎጂው | 3፡52

ጽጌረዳሽ ጥቁር የሚመስልሽ የዓይንሽ ችግር ሆኖ አይደለም። ብርሃን ሲያንስ ቀለም የሚለዩት የዓይን ሕዋሶች ሥራ ያቆማሉ፣ ሌሎቹ ይረከባሉ። እነዚህ ተረካቢዎች ቀይን አያዩም ማለት ይቻላል። ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ለሚያደላ ብርሃን ግን ንቁ ናቸው። ነገሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋለው ፑርኪንዬ የሚባል የቼክ ሳይንቲስት ነው። ፀሐይ ላይ የሚያበራው ቀይ አበባ ገና ጎህ ሲቀድ ጠቁሮ ታየው ይባላል።

ስለዚህ ከቀይና ከሐምራዊ ራቂ። ነጭ፣ ክሬም፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ እንዲሁም ቅጠላቸው ወደ ብር የሚያደላ ተክሎች ማታ ቶሎ አይጠፉም።

ሽታውም ያለ ምክንያት አይደለም። ማታ የሚያውድ አበባ የሚጠብቀው ንብን አይደለም፣ የእሳት እራትን ነው። በተለይ ያ ትልቁና ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት አበባ ላይ ሳያርፍ፣ አየር ላይ ቆሞ ነው የሚጠጣው። አበባው በጨለማ እንዲያገኘው ነጭ ይሆንለታል፣ ቱቦው ይረዝምለታል፣ ሽታውን ቀን ቆጥቦ ማታ ይለቅለታል። ችግኝ ስትመርጪ እነዚህን ሦስት ነገሮች እዪ። ስሙን ሻጩ ባያውቀው እንኳ ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሽታ የሚተን ነገር ነው። ሲበርድ ትነቱ ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ራሷ ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች፣ ሱሉልታ ደግሞ ከሷ ትብሳለች። ቆላ ላይ ሰፈሩን የሚያውድ አበባ እዚያ ስትተክዪው ዝም ሊልሽ ይችላል።

ጋሽ መደብ | ግንቦት 10፣ ጠዋት 1፡30

ልጄ፣ ችግኝ ከመግዛትሽ በፊት ወንበርሽን አስቀምጪ።

እዚህ መድረክ ላይ ሁሉም ሰው ከአበባ ስም ይጀምራል። የማታ ግቢ ግን የሚጀምረው ከመቀመጫው ነው። ቀን ግቢ ውስጥ ትዞሪያለሽ፣ ማታ ግን ትቀመጫለሽ። ከተቀመጥሽበት ጥቂት እርምጃ የራቀ አበባ አይሸትሽም፣ አይታይሽምም። ስለዚህ ብዙ ችግኝ አያስፈልግሽም። ጥቂቱን እቅፍ አድርገሽ ወንበሩ ዙሪያ ትከዪ፣ የቀረው ግቢ ሣር ይሁን።

አሁን ንገሪኝ። ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትቀመጡት? በረንዳው ወዴት ይዞራል? ግድግዳው ብሎኬት ነው ጭቃ? አጥሩስ?

የሱሉልታዋ | ግንቦት 10፣ ከቀኑ 7፡05

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቤቱ ብሎኬት ነው። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። በረንዳው ወደ ምዕራብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። የምንቀመጠው ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ጋቢም አይችለውም።

ጋሽ መደብ | ግንቦት 10፣ ከምሽቱ 2፡15

ታድለሻል። ወደ ምዕራብ የዞረ የብሎኬት ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፣ ማታ ደግሞ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቃል። እጅሽን 1 ሰዓት ላይ ግድግዳው ላይ አድርጊ፣ ለብ ይልሻል። ቆርቆሮው ግን ፀሐይ እንደጠለቀች ይበርዳል። ውርጭ የሚፈሩት ሁሉ ከግድግዳው ሥር ይሁኑ። ቆርቆሮው ጋ ውርጭ የለመዱትን የአገር ልጆች ትከዪ።

የሱሉልታ ሜዳ ሌላም ጉድ አለው። ብርድ አየር ከባድ ነው፣ ሌሊት ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ከኛ ከኮተቤ ዳገት ይልቅ እናንተ ሜዳው ላይ ውርጭ የሚበዛባችሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ተጠንቀቂ። "ለጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው ለሰው ነው፣ ለችግኝ ደግሞ አንድ ማዳበሪያ ጆንያ ነው። ማታ ታለብሺዋለሽ፣ ጠዋት ትገልጪዋለሽ።

ወንበሩ ላይ ሆነሽ ከፊት የሚታይሽን መንገድ ዳር ድንጋይ ደርድሪና ኖራ ቀቢው። በበዓል ሰሞን የዛፍ ግንድ የምንቀባው ያው ኖራ። ከማንኛውም አበባ በላይ ማታ የሚታይሽ እሱ ነው፣ ልጁም በጨለማ አይደናቀፍም።

አያት ዳር | ግንቦት 10፣ ከምሽቱ 2፡40

እኔ በአንድ ቃል ናይት ጃስሚን እላለሁ። ቀን ላይ አረንጓዴ ወፈር ያለ ቁጥቋጦ ነው፣ አበባው ቀጭን፣ ቢጫ አረንጓዴ፣ ማንም ዞሮ አያየውም። 1 ሰዓት ሲል ግን መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ "ይሄ ምንድነው?" ይላል። ከትሮፒካል አሜሪካ የመጣ ነው፣ ግን እኛ ጋ ተላምዷል። ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል።

የሰንዳፋው | 2፡47

መኝታ ቤት መስኮት ሥር ብቻ እንዳትተክዪው! ጎረቤታችን ተክለውት ሚስቴ በየማታው ራስ ምታት ነበር። አስም ላለበት ሰውም አይመከርም።

አያት ዳር | 2:51

አንተ ሰው ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ያምሃል መሰለኝ። ባለፈው ስለ ላቬንደርም እንዲሁ ነበር ያልከው።

የባዮሎጂው | 3፡05

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሽታው ከርቀት ደስ ይላል፣ ከቅርብ ይከብዳል። ነፋስ ወደ በረንዳው በሚያመጣበት በኩል፣ ራቅ አድርጎ መትከል ነው።

ግን ልጅቷ ሕፃን አለኝ ብላለች። ናይት ጃስሚን አበባው ሲረግፍ ነጫጭ ፍሬ ያወጣል፣ ፍሬው መርዛማ ነው። ወደ ታች የሚንጠለጠለው ትልቁ የመለከት አበባ ደግሞ ከሱ ይብሳል። በየሰፈሩ አጥር ላይ ታያላችሁ፣ ነጭ ወይም ፈዛዛ ብርቱካንማ ነው፣ ማታ ሽታው ልብ ይወስዳል። የአስተናግር ዘመድ ነው። አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉበት፣ ቅጠሉም አበባውም ዘሩም። ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ በዚያው እጅ ዓይናችሁን ብታሹ እንኳ የዓይን ብሌን ይሰፋና ብዥ ይላል። ውበቱን አልክድም። ለማታ ግቢ ከሱ የሚበልጥ የለም ብል አልዋሸሁም። ልጁ ነፍስ እስኪያውቅ ግን ይቆይ።

የሱሉልታዋ | 3፡11

መለከቱን ልገዛ አስቤ ነበር። ቀረ። ናይት ጃስሚኑን ግን ከአጥር ውጭ በመኪናው በኩል ባደርገውስ?

የባዮሎጂው | 3፡14

ፍሬው ሳይበስል አበባው ሲረግፍ ከቆረጥሽው ይሆናል። የጎረቤት ልጆችም ያልፋሉና አስቢበት።

ወይዘሮ ዳማከሴ | ግንቦት 11፣ ጠዋት 4፡20

እንዴት ነው ሁላችሁ የፈረንጅ ችግኝ ብቻ የምታወሩት? ግራዋን ረሳችሁት?

ግራዋ ማለት ጋንና እንስራ የምናጥብበት ቅጠል ነው ብለን ትተነዋል። ሳይቆረጥ ቁመት ካገኘ ግን በበጋ አናቱ ላይ ነጣ ያለ አበባ ያፈሳል። ቀን ንብ ይወርሰዋል፣ ማታ ጣፋጭ ሽታ አለው። ውሃ አይጠይቅ፣ እንክብካቤ አይጠይቅ። ቆርቆሮው ጋ አንድ አቁሚ። ለጠላም ትፈልጊዋለሽ።

ወንበሩ አጠገብ ደግሞ አሪቲ። ቅጠሉ ብርማ ነው፣ ትንሽ ጨረቃ ካለች ያበራል። ስትዳስሺው እጅሽ ላይ የሚቀረው ሽታ የበዓል ቤት ነው። ከሱ ጎን ናናና ጠጅ ሳር አድርጊ። እነዚህ አበባቸውን የሚጠብቅ የለም፣ ሽታቸው ከቅጠሉ ነው። ብርድ ሽታ ይቀንሳል ላሉት ወንድሜ መልሱ ይኸው፣ ቅጠሉን በጣትሽ ጨመቅ ማድረግ ነው።

ዳማከሴም ትከዪ። ማታ ውጭ ተቀምጣችሁ ምች ቢመታችሁ ቅርብ ይሁን።

የባዮሎጂው | ግንቦት 11፣ ከቀኑ 6፡40

እትዬ ስለ ቅጠሉ ያሉት ትልቅ ነጥብ ነው፣ አላሰብኩትም። ጤና አዳም ያልጠሩትስ ሆነ ብለው ነው? ጭማቂው ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ከመታው ውሃ ቋጥሮ ያቃጥላል። ለሕፃን ከመንገድ ገባ ቢል ጥሩ ነው።

ወይዘሮ ዳማከሴ | 7፡02

ጤና አዳም የሌለበት ግቢ ግቢ አይደለም፣ ሳይነገረኝም ትተክለዋለች ብዬ ነው።

ስደተኛ ቡቃያ | ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 5፡30

ከእንግሊዝ አገር ነው የምጽፈው፣ ሰዓቱ ቢያልፍም ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ በየዓመቱ ፀደይ ላይ የአበባ ሱቆች "አቢሲኒያ ግላዲዮለስ" የሚል የሽንኩርት ሥር በከረጢት ይሸጣሉ። አበባው ነጭ ነው፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ሐምራዊ ነጥብ አለው። ቱቦው ረጅም ነው፣ ማታ ያውዳል። የባዮሎጂው የጠቀሳቸው ሦስቱም ምልክቶች አሉት። ትውልዱ ከኢትዮጵያ እስከ ማላዊ ባለው ደጋ ነው። እኔ ደግሞ የአገሬን አበባ በፓውንድ ገዝቼ፣ እዚህ ክረምቱ እንዳይገድለው ቆፍሬ አውጥቼ ጋራዥ ውስጥ አሳድረዋለሁ።

እናንተ ጋ የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ግላዲዮለስ ሲባል ያ ለሠርግ የሚሆነው ረጅሙ ባለ ብዙ ቀለም ነው የሚመጣው። በድንጋያማ ገደል ዳር፣ ክረምት መውጫ ላይ ነጩን ያየ ሰው ካለ ይናገር።

ሮቶ ባዶ | 5፡38

ቡናችንን ቆልተው እንደሚሸጡልን ማለት ነው።

ጋሽ መደብ | ግንቦት 12፣ ጠዋት 2፡00

የሽንኩርት ሥር ያለው ነገር ሱሉልታ ላይ ስትተክሉ ጠላታችሁ ብርድ ሳይሆን ፍልፈል ነው። ከሥር ይመጣና ጠቅልሎ ይበላዋል፣ ላዩ ጠውልጎ ስታየው ነው የምታውቂው። ጃርት ደግሞ ከላይ ይቆፍራል። ሥሩን በዶሮ ሽቦ ቅርጫት ውስጥ አድርገሽ ቅበሪ። ወይም ታቹ የተቀደደ ባልዲ ተጠቀሚ።

ነጭ አበባ ከፈለግሽ እያንዳንዱ ጅረት ዳር የምታይዋት ነጭ ካላ ሊሊ አለች። ትውልዷ ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ግን የኛን ደጋ ወዳዋለች። መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ሲቋጥር ሌላው ይታፈናል፣ እሷ ግን ደስ ይላታል። ሽታ የላትም። ማታ ግን ያቺ ነጭ ቀንድ ብቻዋን ቆማ ትታያለች። ቅጠሏና ግንዷ ቢታኘክ አፍ ያቃጥላል፣ ከልጁ ራቅ አድርጊያት።

የቀረውን መረሬ ላይ በቀጥታ አትትከዪ። ከፍ ያለ መደብ ሥሪ፣ ብስባሽና ቀይ አፈር ቀላቅይበት። ሰኔ ላይ ውሃው ይተኛበታል፣ በጋ ላይ ደግሞ አፈሩ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። ላዩን ገለባ አልብሺው፣ ውሃሽም ይቆይልሻል።

የሰንዳፋው | ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 1፡45

አንድ ሰው ጠምበለልን ይጠራል ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ። የኛ የራሳችን ጃስሚን እኮ ነው። በደጋ ጫካ ዳር ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ሐረግ። አበባው ነጭ ነው፣ ከጀርባው ትንሽ ሮዝ ይነካዋል። ሽታው ከዚያኛው ከናይት ጃስሚን የተሻለ ነው፣ አይጮህም። ብርዱም የራሱ ቤት ነው።

በረንዳዋ ምሰሶ ካለው እዚያ ላይ ሽቦ ዘርግታ ብትለቀው ወንበሩ ላይ ሆና ከላይዋ ይወርድላታል።

ለቆርቆሮው አጥር ቀጋ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው ጽጌረዳ ነው። አበባው ነጭ ክሬም፣ ሽታውም አለ፣ ፍሬው ይበላል። እሾሁ ደግሞ ሌባም ጅብም አያሳልፍም። አጋምም ነጭና በጣም የሚያውድ ነው፣ ግን ሱሉልታ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ይከብደዋል። እሱ ለነ ሰበታና ለገጣፎ ይሁን።

ቦታ ካላት አንድ ወልክፋ። ክረምት ሲወጣ ዛፉ በሙሉ ነጭ ይለብሳል።

አያት ዳር | 2፡03

ጠምበለል የት ይሸጣል? ችግኝ ጣቢያ ስጠይቅ ቻይናዊውን ጃስሚን ነው የሚያወጡልኝ።

የሰንዳፋው | 2:10

ሱቅ ላይ እኔም አላገኘሁም። እኔ ካለው ሰው ነው የወሰድኩት። ጫካ ገብታችሁ ግን ነቅላችሁ እንዳታመጡ። አንደኛ አይጸድቅም፣ ሁለተኛ ነውር ነው። መጀመሪያ ማየት የፈለገ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄዶ የአገር ተክሎቹን አይቶ ይምጣ።

አያት ዳር | 2፡25

እሺ፣ እኔም አንድ ልስጣችሁ። በረንዳ ላይ በማሰሮ የሚያዝ ቁልቋል አለ፣ ቅጠሉ ጠፍጣፋና ረጅም፣ እሾህ የሌለው። ከሜክሲኮ በኩል የመጣ ነው። አበባው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚፈነዳው።

እምቡጡ ለቀናት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይቆይና፣ የሚፈነዳበት ቀን ከሰዓት በኋላ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ያኔ ስልክ ይደወላል፣ ቡና ይፈላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ጫፉ ይላቀቃል። ዓይናችሁን ካልነቀላችሁ ሲከፈት ታዩታላችሁ፣ የአበባው ቅጠሎች እየተንቀጠቀጡ ነው የሚላቀቁት። 4 ሰዓት ላይ የሰው መዳፍ ይሞላል። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ነው። ጠዋት ስትነሡ የተቀቀለ ጎመን መስሏል።

ውርጭ አይችልም፣ ስለዚህ ሱሉልታ ላይ በጋ ሌሊት ቤት ይግባ። ማሰሮው ለዚህ ነው።

የሱሉልታዋ | ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 3፡00

ወይ ጉድ፣ እኔ ሁለት ሦስት ስም ትሰጡኛላችሁ ብዬ ነበር። ጋሼ እንዳሉት ወንበሩን አስቀምጫለሁ። ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት፣ እውነትም ለብ ይላል!

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መብራትስ? ባለቤቴ እነዚያን መሬት ላይ የሚሰኩ የሶላር መብራቶች ሊደረድር ነው። መብራት ሲጠፋም ይሠራሉ ብሎ።

የባዮሎጂው | 3፡22

እንዳይደረድር! ዓይናችን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ነጭ ሶላር ፊትሽ ላይ ካበራ ከሱ ኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የእሳት እራቶቹም አበባውን ትተው አምፖሉን ይዞራሉ። ስልክም እንዲሁ ነው።

አንድ ወይም ሁለት ይበቃል፣ ዝቅ ብሎ፣ ከቅጠል ኋላ። ካርቶኑ ላይ 2,700 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች የሚለውን ይግዛ፣ ቢጫማው ነው። 6,500 የሚለው የክሊኒክ መብራት ነው። ኮባ ካላችሁ ከሥሯ ወደ ላይ አንድ አብሩ። የኮባ ቅጠል ብርሃን ሲያልፍበት ምን እንደሚመስል ሳይታይ አይነገርም።

ሮቶ ባዶ | 3፡30

የኛ ሰፈር መብራት ኃይል ቀድሞ ተባብሯችኋል፣ ጨለማው በነፃ ነው።

ጎረቤት ባህር ዛፍ | 3፡41

ስሜን አይታችሁ ገብቷችኋል። ጎረቤቴ አጥር ላይ ባህር ዛፍ ደርድሯል። ከሱ ሥር ምን ይበቅልልኛል?

ጋሽ መደብ | 3፡58

ከሥሩ ምንም። ውሃውን እሱ ይጠጣዋል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከሱ ጋር ተሟግቶ የረታ የለም። በማሰሮ ትከል፣ ማሰሮውን ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርገው።

የሱሉልታዋ | ታኅሣሥ 14፣ ከምሽቱ 2፡50

ይህን ውይይት መልሼ ላንሣው። ያላችሁኝን ተክዬ ክረምቱ አለፈ፣ አሁን ውርጩ መጥቷል። ለቀጣዩ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ጠምበለሉን ከሰንዳፋው ወንድማችን ነው ያገኘሁት፣ እግዜር ይስጠው። ውርጩ ምንም አላደረገውም። አበባ ገና ጥቂት ነው፣ ግን ምሰሶውን እኩል ወጥቷል። ቀጋውም ደህና ነው። አሪቲው ጫፉ ትንሽ ደረቅ ብሏል፣ ሆኖም ጨረቃ ስትወጣ ከሁሉም ቀድሞ የሚታየኝ እሱ ነው።

ናይት ጃስሚኑን ለሁለት ቦታ ከፈልኩት። ከግድግዳው ሥር ያለው አረንጓዴ ነው። ወደ ሜዳው በኩል ያለው ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ። መሃላቸው ያለው ርቀት የግቢያችን ወርድ ብቻ ነው። አበባ ይዞ የነበረው ግድግዳው ጋ ያለው ሽታው ግን በኅዳር ቀንሷል። በመስከረም ማታ እዚያ ማዶ ይሰማ ነበር፣ አሁን ቀርቤ ነው የሚሸተኝ።

ሎሚ ነበረኝ፣ የአበባው ሽታ ደስ ይላል ተብዬ። ለጋ ቅጠሉ ተቃጥሏል።

ባለቤቴ አንድ መብራት ብቻ ነው ያስቀረው። ኖራው ግን፣ ጋሼ፣ ዝናቡ አጠበው። እንደገና ቀባነው።

ጋሽ መደብ | ታኅሣሥ 14፣ ከምሽቱ 3፡15

ኖራው ላይ ትንሽ ጨው ጨምሪበት፣ ይይዛል። የጠቆረውን ናይት ጃስሚን አሁን አትቁረጪው። የደረቀው ቅጠል ሥሩን ያለብሰዋል። ውርጩ ሲያልፍ፣ የካቲት ላይ ቁረጪው፣ ከታች ያቆጠቁጣል። ሎሚውን ግድግዳው ጋ አዛውሪው፣ ግን በሰኔ።

ስደተኛ ቡቃያ | ታኅሣሥ 15፣ ከሌሊቱ 6፡20

ነጩን ግላዲዮለስ ያየ ሰው አልተገኘም?

የሰንዳፋው | ታኅሣሥ 15፣ ጠዋት 3፡00

አንድ የደብረ ብርሃን መንገድ ሰው መስከረም ላይ ገደል ዳር አየሁ ብሎኛል። ፎቶ ግን የለውም። ዘንድሮ ክረምት መውጫ ላይ አብሬው እሄዳለሁ።

አያት ዳር | ታኅሣሥ 15፣ ከምሽቱ 1፡30

የሱሉልታዋ፣ ከጠምበለልሽ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ትሰጪኛለሽ? እሁድ ልምጣ?

የሱሉልታዋ | 1፡42

ነይልኝ፣ ቡና እናፈላለን። ምን ያህል ልቁረጥልሽ?

ጋሽ መደብ | 1፡55

በዚህ ብርድ ምንም አትቁረጪ። ከታች ያለውን አንድ ረጅም ሐረግ ወደ መሬት አጎንብሽው፣ መሃሉን ትንሽ ፋቂውና አፈር አልብሰሽ ድንጋይ ጫኚበት። ጫፉ ውጭ ይሁን። እርጥብ አድርገሽ ያዢው። ሥር ሲያወጣ፣ ክረምት ሲገባ ከእናቱ ቆርጠሽ ከነአፈሩ ትሰጫታለሽ። እሁድ ቡናውን ጠጡ።